ሳይነገር የተለቀሰ መርዶ

የሸጌ ልብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳተው ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ገብስ ሲታጨድ ነው። ማጭዷን ይዛ ጎንበስ እንዳለች ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ቆም አለ። ከዚያ አንዴ በኃይል መታና፣ ተደናቅፎ ሊወድቅ ሲል እንደሚንደረደር ሰው፣ ሦስት አራት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ረገጠ። ሸጌ ማጭዱን ጥላ በሁለት እጇ ደረቷን ያዘች። ባሏ ቢምረው ከጎኗ ያጭድ ነበርና እጅሽን ቆረጥሽው ወይ ብሎ ጠየቃት። አልቆረጥኩም አለችው። እሱም ወደ እህሉ ተመለሰ፤ ቢምረው ደም ካላየ ሰው መታመሙን የሚያምን ዓይነት አይደለም።

ዕድሜዋ አርባ ሰባት፣ ቢበዛ አርባ ስምንት ነው። ከጋዝጊብላ ደጋ አንዱ ጥግ ላይ ባለችው መንደራቸው ሸጌ ታመመች ተብሎ አያውቅም። የወለደች ለት እንኳ ማታውን ተነስታ እሳት ላንድድ ስትል በቁጣ ነው ያስተኟት። ራስ ምታት የሰነፍ ሰው ሰበብ ይመስላት ነበር። ስለዚህ ያን ቀን ልቧ ሲስት፣ አመመኝ የሚል ሐሳብ አጠገቧም አልደረሰ። ቀና ብላ ሰማዩን አየችና በሆዷ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ ማን ሞተብኝ?

እዚህ ላይ ሸጌን ለመውቀስ የሚቸኩል ሰው ካለ ትንሽ ይታገሥ። በእኛ አገር ሞት በዕለቱ አይነገርም። ሟቹ በሩቅ ከሆነ ዘመድና ጎረቤት ይመክርና ወሬውን አፍኖ ይይዘዋል። በዓል ከሆነ በዓሉ ይለፍ፣ አዝመራ ከሆነ እህሉ ይግባ ይባላል። ቀኑ ሲቆረጥ ደግሞ ሐዘንተኛው ባዶ ሆዱን መርዶ ሰምቶ እንዳይጎዳ፣ ማታውን ሰበብ ፈልገው ደህና አድርገው ያበሉታል። ከዚያ ጎህ ሲቀድ የነፍስ አባቱን አስቀድመው፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው በሩ ላይ ይቆማሉ። ይህ ሁሉ የሚደረገው ከፍቅር ነው። ሸጌም ስንቱን አብልታለች፣ ስንቱ በር ላይ ቆማለች።

በራሷ ሲደርስ ግን ፍቅሩ አልታያትም። ስልክና መብራት ተቋርጦ በነበረበት በዚያ ክፉ ዓመት፣ የሻምበል የሚሉት ታላቅ ወንድሟ ቆላ እንደወረደ ታሞ ሞተ። ወሬው በእግረኛ መንደር ደረሰ፤ ሰዉም ጥምቀቱ ይለፍ፣ ሠርጉ ይለፍ እያለ ሁለት ወር ሙሉ ደበቃት። በዚያ መካከል ሸጌ በጎረቤቷ በይመኙሻል ልጅ ሠርግ ላይ ከሁሉ ቀድማ እስክስታ ወርዳለች። ወንድሟ አፈር ከለበሰ ወር አልፎት ነበር። መርዶው ከተነገራት በኋላ ከሞቱ ይልቅ የቆጫት ያ ጭፈራ ነው። በዚያ ሰሞን ሆዴ ባር ባር ይለኝ ነበር፣ ልቤስ ነግሮኝ ነበር፣ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ እያለች ራሷን ስትረግም ኖረች። ከእንግዲህ ልቤ ሲናገር ዝም ብዬ አላልፍም ብላም ምላለች።

እንግዲህ ገብሱ መካከል ልቧ ሲናገር፣ ሸጌ ማጭዷን አንስታ ዘመዶቿን በሐሳቧ አንድ በአንድ ትጠራ ጀመር። ብዙም ሳትጠራ ምህረት ላይ ደረሰች። እዚያ ላይ ልቧ እንደገና ቆም አለ።

ምህረት አንዲት ልጇ ናት። ሪያድ ሰው ቤት ስትሠራ አራት ዓመቷ ነው። አርብ አርብ ትደውላለች። መንደሩ ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ የሚይዘው ከሚካኤል በላይ ካለችው ጉብታ፣ ያውም ወይራዋ ሥር ፊትን ወደ ሰቆጣ አዙረው ሲቆሙ ነው። ሸጌ በየሳምንቱ አርብ ከቀትር በኋላ ዳገቱን ወጥታ፣ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ እዚያች ወይራ ሥር ትጠብቃለች። የዚያን ሳምንት አርብ እስኪመሽ ብትቀመጥ ስልኩ አልጮኸም።

እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ብትወጣ ተደወለ። ምህረት አሠሪዎቿ እንግዳ በዝቶባቸው ፋታ እንዳጣች ነገረቻት። ሸጌ ግን የምታዳምጠው ድምፁን እንጂ ቃሉን አልነበረም። መስመሩ ይንሿሿል። ሪያድ ውስጥ መስከረም የምትባል የዚሁ መንደር ልጅ አለች፤ ከምህረት ጋር አብረው አደጉና ድምፃቸው ይመሳሰላል። መስከረምን ልጄን አስመስለው እያናገሩኝ ይሆን ብላ ጠረጠረች። ስለዚህ በወሬ መካከል ድንገት፣ የሄድሽ ለት በነጠላሽ ጫፍ ምን ነበር የቋጠርኩልሽ ብላ ጠየቀቻት። ያን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ምህረት ሳቀች። ነጭ ሽንኩርት ነዋ እምዬ አለቻት፤ አውሮፕላኑን ሙሉ ሸትቶ ያሳፈረኝን እንዴት እረሳለሁ አለች። ሸጌም ሳቀች፤ ከጉብታው ስትወርድ እግሯ ቀለላት። ቤቷ ሳትደርስ ግን ልቧ ሁለት ጊዜ ሳተ።

ከዚያ በኋላማ ልቧ ሥራዬ ብሎ ያዘው። ጀሪካን ስታነሳ ይስታል፤ አርፋ ስትቀመጥም ይስታል። አንዳንዴ ከደረቷ ሙቀት ይነሳና አንገቷንና ፊቷን ያጥለቀልቃታል፤ ሰው ጋቢ ደርቦ በሚንቀጠቀጥበት ብርድ እሷ ነጠላዋን ጥላ ደጅ ትቆማለች። የወር አበባዋ ከክረምት ወዲህ ሲመጣ ሲቀር ነበር፤ ይህን ከልቧ ጋር አላገናኘችውም፤ ማንስ ነግሯት። ስትተኛ ጆሮዋን ትራሱ ላይ ስታደርግ ምቱን ትሰማዋለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ ባዶ። የሚያስፈራት ያ ባዶው ነው። እዚያ ውስጥ ፎቅ ላይ ቆማ መስኮት የምትወለውል ልጅ ይታያታል። ምቱ ሲመለስ ልጅቷ መውደቋን ወይም አለመውደቋን ሳታይ ትቀራለች። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቀሚሷ ሰፋት፣ ጉንጯ ገባ።

ቢምረው ነገሩን አውጥታ እንድትነግረው ለመናት። ነገረችው። ታመሻል አላት። ሸጌ በዚህ ተቆጣች። ልቤ ጤነኛ ነው፣ የሚያውቀውን ነው የሚናገረው አለችው። እሱም ከሚስቱ ጋር መሟገት እንደማያዋጣው ከሠላሳ ዓመት ትዳር ስለተማረ፣ ዝም ብሎ ወጣና የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ማስተዋልን ይዞ መጣ።

ማስተዋል ትንሽ ልጅ ናት፣ ቀልደኛ ናት። እትዬ ሸጌ እርስዎንም የሚያሳምም ነገር ተገኘ ወይ እያለች ገባችና አጠገቧ ተቀምጣ የእጅ አንጓዋን ያዘች። ዓይኗን ስልኳ ላይ ተክላ ትቆጥር ጀመር። ሸጌ የምታየው የልጅቷን ፊት ነው። ፈገግታው ቀስ እያለ ጠፋ። ማስተዋል እንደገና ቆጠረች፤ ሦስተኛም ቆጠረች። ከዚያ እጇን በቀስታ መለሰችላትና ሰቆጣ ሆስፒታል ሄደው በማሽን ይታዩ አለች። መቼም አይሆንም አለች ሸጌ። አርብ ጉብታው ላይ ካልተገኘሁ ልጄ ማንን ታናግራለች? ማስተዋል አልተከራከረችም። ስትወጣ ግን ቢምረው ተከትሏት ሄደ፤ ሁለቱ አጥሩ ሥር ቆመው ሲንሾካሾኩ ሸጌ በበሩ ስንጥቅ አየቻቸው። ቢምረው ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ነበር።

እጅ ጭንቅላት ላይ የሚደረገው መቼ እንደሆነ ሸጌ ታውቃለች። ማስተዋል የመጣችው ልቤን ልታይ ሳይሆን መርዶውን እችል እንደሆን ልትለካ ነው ብላ አሰበች። ይህን ካሰበች በኋላ ሌላ ማሰብ አቃታት።

አርብ ሲደርስ ዳገቱን ወጣች። ከሚካኤል ቅጥር አልፋ ወይራዋ ሥር ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ልቧ ሳተ፤ በዚህኛው ግን ቶሎ አልተመለሰም። መሬቱ ከእግሯ ሸሸ፣ ዓይኗ ጨለመ። ስትነቃ ጉንጯ ሣሩ ላይ ነው። ስልኩ ከእጇ ወድቆ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ይጮኻል። እጇን ልትዘረጋ ብትሞክር አልታዘዝ አላት። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። የደወለችው ምህረት ትሁን፣ ወይስ መርዶውን የያዘችው መስከረም፣ ሸጌ ማወቅ አልቻለችም። ቢምረው ፈልጎ ሲያገኛት ፊቷ አመድ መስሏል። ደም ባይኖርም ያን ቀን አመነ። ስልኩን ከሣሩ ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተና አዝሎ አወረዳት። ባትሪው አልቋል፣ ላስሞላው ነው አላት። ባትሪው እንዳላለቀ ሁለቱም ያውቃሉ።

ሰኞ ምንጭ ወረደች። ተኝተሽ ዋይ ቢሏት እምቢ ብላ ነው። ከድንጋዩ ባሻገር ሴቶቹ በእናት ቋንቋቸው በኽምጥኛ ሲያወሩ ይሰማታል። ብቅ ስትል ወሬው ተቋረጠ። ቀጥሎ ደህና አደርሽ፣ እንዴት ሰነበትሽ ብለው በአማርኛ ተቀበሏት። አብረዋት ያደጉት ሴቶች እንደ ቢሮ እንግዳ በአማርኛ ሲያናግሯት ሸጌ ጎንበስ ብላ ጀሪካኗን መሙላት ጀመረች። አንዷም ዓይኗን አላየችም። ይመኙሻል ጀሪካኑን ከእጇ ቀምታ በራሷ ጀርባ አዘለችውና ቤቷ ድረስ ወሰደችላት። ይመኙሻል ደግ ሴት ናት፤ የሰው ጀሪካን ስታዝል ግን ከዚያ በፊት ታይታ አታውቅም።

ማታ ይመኙሻል ተመልሳ መጣች። ገና ትኩስ እንጀራና ሽሮ ይዛለች። ቢምረው እንግዳ የመጣ ይመስል ከመደቡ ተነስቶ ቦታ ለቀቀ። ይመኙሻል ሸጌ አጠገብ ተቀመጠችና ቆረሰች፣ ጠቀለለች።

«በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» አለቻት።

ሸጌ ጉርሻ የያዘውን የጎረቤቷን እጅ አየችው። በየሻምበል መርዶ ዋዜማም ያበላቻት ይህችው ናት፤ ያኔም በሞቴ ብላታለች። ጉርሻው ወደ አፏ ተዘርግቶ ቆየ። አልበላም ማለት ትችል ነበር። አልበላም ማለት ግን እወቁልኝ፣ አውቄባችኋለሁና ንገሩኝ ማለት ነው። ሸጌ ደግሞ እንዲነገራት አልፈለገችም። እስኪነገራት ድረስ ምህረት አልሞተችም፤ ቢያንስ ለአንድ ሌሊት አልሞተችም። አፏን ከፈተችና በላች። ሌላ ሲጨመርላትም በላች። ሽሮው ጉሮሮዋ ላይ እየቆመ፣ ልቧ እየተሰናከለ፣ ለልጇ አንድ ሌሊት ልትገዛላት ሰሃኑን ጥርግ አድርጋ በላች። ይመኙሻል እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ እግዜር ያክብርሽ ብላ ወጣች።

ከዚያ እስኪነጋ ምን እንደሆነች አታስታውስም። ጎህ ሲቀድ የእግር ኮቴ ሰማች። ብዙ ሰው ነው፣ ግን ማንም አይናገርም። ሸጌ ቀድማ ተነስታ ነበር፤ ነጠላዋን በራሷ እጅ ዘቅዝቃለች። በሩን ቢምረው ሊከፍተው ሲል ገፍታው አለፈችና ራሷ ከፈተችው። የነፍስ አባቷ አባ ገብረ አማኑኤል መስቀላቸውን ይዘው ፊት ቆመዋል። ከኋላቸው ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበዋል፤ ሴቶቹ አጥሩን ተደግፈዋል። ይመኙሻል አፏን በነጠላዋ ይዛለች።

«አባ፣ አይድከሙ። አውቄዋለሁ» አለች ሸጌ።

ከዚያ ጮኸች። የልጇን ስም ነው የጮኸችው። ምህረቴ አለች፣ ሁለተኛም ምህረቴ አለች፤ ድምፁ ከገደሉ ማዶ ያለው መንደር ደርሶ ተመለሰ። ደረቷን መታች። ነጭ ሽንኩርቱን ጠራች፣ መስኮቱን ጠራች፣ ያላየችውን ፎቅ ጠራች፣ አራት ዓመት ያልሳመችውን ጉንጭ ጠራች። በመንገዱ ላይ ወደ ገበያ የሚወርዱ ሰዎች እህላቸውን አውርደው ቆሙ። ሴቶቹ ደግሞ ለቅሶ ሲጀመር ዝም ማለት አልለመደባቸውምና፣ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ሁለቱ ሦስቱ አብረዋት ጮኹ። ቢምረው ትከሻዋን ይዞ ይነቀንቃታል፤ የሚለው አይሰማትም። በመጨረሻ ፊቷን በሁለት መዳፉ መካከል አጥብቆ ያዘ።

«ሸጌ፣ ምህረት ደህና ናት። ሰዉ የመጣው ላንቺ ነው።»

አላመነችውም። የሻምበልንም ደህና ነው ብሏት ነበር፣ ሁለት ወር ሙሉ። አባ ገብረ አማኑኤል ወደ እሷ ጠጋ አሉና መስቀሉን ግንባሯ ላይ አሳረፉት።

«ይህን ይዤ አልዋሽሽም፣ ልጄ። የታመምሽው አንቺ ነሽ። ቃሬዛው አጥሩ ጀርባ ነው። እምቢ እንዳትዪን ብለን ነው የደበቅንሽ።»

ሸጌ ወደ አጥሩ ዞረች። ከአጥሩ በላይ የቃሬዛው ጫፍ ብቅ ብሎ አየችው። ማታ የበላችው መንገዱን እንድትችል ነበር፤ ስልኩ የተወሰደው ሰቆጣ መኪና ለማስያዝ ነበር፤ ሴቶቹ ዓይኗን የሸሹት ስላሳዘነቻቸው ነበር።

«እኔ ነኝ?» አለች። «እኔው ነኝ?»

አዎ አሏት። ሸጌ መስቀሉን ሳመች፣ የአባን እጅ ሳመች፤ ከዚያ ማንም ሳይረዳት ሄዳ ቃሬዛው ላይ ተጋደመች። ፊቷ ላይ ያለው ደስታ ተሸካሚዎቹን ግራ አጋብቷቸው እርስ በርስ ተያዩ። በገዛ በሽታው እንዲህ የተደሰተ ሰው አጋጥሟቸው አያውቅም።

ደስታው እስከ መጀመሪያው ቁልቁለት ድረስ ነው የቆየው። አራት ሰው ትከሻ ላይ ሆና፣ ብርዱን ለመከላከል ጋቢ እስከ ግንባሯ ተሸፍና ስትሄድ ልቧ ሳተ። እስካሁን በሳተ ቁጥር ሐሳቧ ወደ ሪያድ ነበር የሚሮጠው። አሁን የሚሮጥበት ቦታ አጣ። ደረቷ ውስጥ የሚቆመው የራሷ ልብ ነው፤ አንድ ቀን ቆሞ ሊቀር ይችላል፤ ሲቀር ደግሞ ማንም አስቀድሞ አይነግራትም። ሸጌ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሷ ፈራች። እንዴት እንደሚፈራ እንኳ አታውቅበትም፤ ለሰው ሲፈሩ ይሮጣሉ፣ ይደውላሉ፣ ስለት ይሳላሉ። ለራስ ሲፈሩ መተኛት ብቻ ነው። ጋቢው ውስጥ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ እባክህ፣ እባክህ እያለች የመኪናው መንገድ ደረሰች።

ሰቆጣ ሆስፒታል ደረቷ ላይና እግሯ ላይ ሽቦ ለጥፈው፣ ምቷን ረጅም ወረቀት ላይ አሳዩአት። ደም ወሰዱ፣ አንገቷን ዳሰሱ። ሐኪሙ ልጇ የሚሆን ወጣት ነው። ወረቀቱ ላይ ቦታቸውን የሳቱትን ምቶች በጣቱ እያሳየ፣ ያለ ጊዜያቸው የሚመጡ ናቸው አላት። ከዚያ ስለ ወር አበባዋ ጠየቃት። ሸጌ ወደ ግድግዳው ዞራ መለሰችለት። በዚህ ዕድሜ ሰውነት ሲለወጥ እንዲህ የሚያደርጋቸው ሴቶች አሉ፤ የእርስዎ ግን ከዚያ ይሁን ከሌላ፣ ዛሬ ልነግርዎት አልችልም አላት። ራሷን ስታ መውደቋን ስላልወደደው፣ ቀን ከሌሊት ልብ የሚከታተል ማሽን ወዳለበት ደሴ እንድትሄድ ወረቀት ጻፈላት።

ይገድለኛል ወይ ብላ ጠየቀችው። ሐኪሙ ወረቀቱን አጠፈና አሁን ባየሁት አይመስለኝም፤ ምክንያቱን ሳላውቅ ግን አይገድልም ብዬ አልምልልዎትም አላት። ቢምረው በዚህ መልስ ተናደደ፤ ውጭ ከወጡ በኋላ ምን ዓይነት ሐኪም ነው፣ ደህና ነሽ ቢል ምን ይጎድልበታል ብሎ አጉረመረመ። ሸጌ ግን ሰውየው እንዳልደበቃት ልብ ብላለች። ፍርሃቷ አልቀነሰም። ግን የምትፈራውን ነገር ልኩን ነገራት እንጂ አልሸፈነባትም።

ከሆስፒታሉ ግቢ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ቢምረው ኪስ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። የሪያድ ቁጥር ነው። አንስቶ ሃሎ አለ። የሚሰማው ድምፅ ዝቅ ያለና የተጠነቀቀ ነበር፤ አጠገቡ የተቀመጠችው ሸጌም ቃል በቃል ሰማችው።

«ጋሼ ቢምረው፣ መስከረም ነኝ። እግዜር ያጥናዎት። ወሬው ደርሶናል። ቀብሩ ዛሬ ነው ወይ? ለምህረት ገና አልነገርናትም። የአገር ልጆች ተሰብስበን አሁን አብልተናታል።»

ነገሩ ለሸጌ ወዲያው ታያት። ጠዋት ወደ ገበያ ሲወርዱ የቆሙት ሰዎች ከቤቷ ለቅሶ ሰምተዋል፤ ቀጥሎም አራት ሰው የተሸከመው፣ እስከ ግንባሩ የተሸፈነ ቃሬዛ ሲወጣ አይተዋል። ለገበያው ነገሩ። ገበያው ለስልኩ ነገረ። ስልኩ ለሪያድ።

አብልተናታል የሚለው ቃል ሸጌን እንደ በትር መታት። የልጇ ጉሮሮ ላይ የሚቆመውን ጉርሻ በራሷ ጉሮሮ አወቀችው። ስልኩን ከቢምረው እጅ ነጠቀች።

«መስከረም፣ ሸጌ ነኝ። አልሞትኩም። ልጄን ስጪኝ።»

መስመሩ ላይ ጩኸት፣ ግርግር፣ የብዙ ሴቶች ድምፅ ተሰማ። ከዚያ አንድ ሰው ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ስልኩን ያዘ።

«ማን ነሽ?» አለች ምህረት። «አክስቴ ነሽ? በሞቴ አትዋሹኝ። ሁሉም ጉርሻ ሲያጎርሱኝ ነው ያወቅሁት። እናቴ ከሆንሽ በነጠላዬ ምን ቋጠርሽልኝ?»

«ነጭ ሽንኩርት» አለች ሸጌ።

ከዚያ ወዲያ የምህረት ለቅሶ ነው የተሰማው። ሸጌ አላቋረጠቻትም፣ ታልቅስ ብላ ተወቻት። ሲበርድላት ምህረት ታዲያ ምንድን ነው እምዬ፣ ሆስፒታል ምን ታደርጊያለሽ ብላ ጠየቀች።

ቢምረው በእጁ ምልክት ሰጣት። ጉንፋን ነው በያት ማለቱ ነው። ልጅቱ ሰው አገር ናት፣ ብቻዋን ናት፣ ምን ልታደርግ ነው የምትነግሪያት ማለቱ ነው። ሸጌም ጉንፋን ነው ልትል አፏን ከፈተች፤ ሰባት ቤት ዘመዶቿ እንዲህ ነው ያደረጉት፣ እሷም ለሰው እንዲህ ነው ያደረገችው። ውሸቱ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። የመጣላት ግን ሌላ ነው፤ ነገ ምህረት እምዬ እንዴት ነሽ ስትል ደህና ነኝ ትላታለች፤ ልጅቷም ከዛሬ ጀምሮ የእናቷን ደህንነት አታምንም፤ ሰው ባጎረሳት ቁጥር እናቷን ትቀብራለች። ሸጌ በአንድ ወር ውስጥ ልጇን ስንት ጊዜ እንደቀበረች ታውቃለች።

ፊቷን ከቢምረው አዞረች።

«ልቤ ታሟል» አለች። «እየመታ ይቆምና ይዘላል። ለምን እንደሆነ ሐኪሙም አላወቀው። ደሴ ሂጂ ብሎኛል። አይገድልም ብሎ አልማለልኝም። ሌላ የማውቀው የለም፣ ሁሉን ነገርኩሽ።»

ሸጌ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አንስታ አየችው።

«ፈርተሻል?» አለች ምህረት።

ይህን እስከዛሬ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«በጣም» አለች። «በጣም ነው የፈራሁት፣ ልጄ።»

«እኔም» አለች ምህረት። ቀጥላም አሁንስ እንዴት ነው፣ አሁን ይሰማሻል ብላ ጠየቀቻት።

ሸጌ ነፃውን እጇን ደረቷ ላይ አሳረፈች። ግቢው ውስጥ ሰው ይወጣል ይገባል፤ ቢምረው መሬት መሬት ያያል። ልቧ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብሎ መታ። ደህና ነው ልትል ስትል ቆም አለ።

«አሁን ቆመ» አለቻት።

ምህረት ትንፋሿን ያዘች። ሸጌም ያዘች። ሁለቱም ጠበቁ።

«ተመለሰ?» አለች ምህረት።

«ቆይ» አለች ሸጌ፤ ከዚያ ያ ትልቁ ምት መዳፏን ከውስጥ መታው። «ተመለሰ።»